የባቡር በር ሁለት ሥራ አለው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ሐዲድ የለም። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚሳፈረው በመኪና ነው። ታዲያ ስለ ባቡር በር መጻፍ ለደጋው ሰው ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም።

ነገር ግን የዛሬ የደጋ ሰው በደጋ ብቻ ተወስኖ አይኖርም። ተማሪው ለትምህርት፣ ወጣቱ ለሥራ፣ እናት ለሕክምና፣ ሽማግሌው ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳሉ። በደብረ ብርሃን በኩል የመጣ መንገደኛ ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ ጥቂት ቢጓዝ መገናኛ ይደርሳል፤ በመገናኛም የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል። ከዚህም ሌላ፣ ከመንዝ ገደል በታች ባለው ቆላ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚያልፍ የሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። ስለዚህ ባቡር ለደጋው ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። የሚሳፈርበት ቀን ሳይመጣ ስለ በሩ ጥቂት ማወቅ ደግሞ ከጉዳት ያድናል፤ አልፎ አልፎም ከሞት ያድናል።

በቅድሚያ የምናውቀውን በር እንመልከት። የደጋችን ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ በሩ ወፍራም ሳንቃ ነው። ማታ መወርወሪያው ይገባል፤ ጅቡም ብርዱም ውጭ ያድራሉ። በሩን የሚዘጋው ባለቤቱ ነው፤ የሚከፍተውም እሱ ነው። ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ልጁ ከደጃፍ እንደሚጫወት ወይም ከእሳቱ ዳር እንደ ተኛ ያውቃል። ቤቱም ካለበት ንቅንቅ አይልም።

የባቡር በር ግን በሦስት ነገር ከዚህ ይለያል። አንደኛ፣ ቤቱ ራሱ ይሮጣል። ሁለተኛ፣ በሩን የሚዘጋው ሰው፣ ማለት ነጂው፣ በየበሩ የቆመውን ሁሉ በቅርብ አያየውም። ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ሕዝብ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ፣ ብዙና የሚቸኩል ነው። ከዚህም የተነሣ የባቡር በር ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል። ባቡሩ ሲሄድ ማንም እንዳይወድቅ ተዘግቶ መቆየት አለበት፤ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ማንም ውስጥ እንዳይቀር ወዲያው መከፈት አለበት። እነዚህ ሁለት ሥራዎች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንዱን አጥብቆ የሚፈጽም በር ሌላውን ያጐድላል። የባቡር በር ታሪክ በሙሉ ይህን ጠብ ለማስታረቅ የተደረገ ጥረት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ታሪኩን በአጭሩ ልናገር። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ናቸው። በግንቦት 1 ቀን 1834 ዓ.ም.፣ ማለት እኛ ልደታን በምናከብርበት ዕለት፣ በፈረንሣይ አገር በቬርሳይ የንጉሡን በዓል ሲያዩ የዋሉ ሰዎች በባቡር ወደ ፓሪስ ይመለሱ ነበር። በዚያ ዘመን መንገደኛው ባቡሩ ሲሄድ እንዳይዘልና እንዳይወድቅ ተብሎ በሮቹ ከውጭ በቁልፍ ይቈለፉ ነበር። የፊተኛው ባቡር የመንኰራኵር ዘንግ ተሰበረ፤ ፉርጎዎቹ እርስ በርሳቸው ላይ ወጡ፤ ከምድጃው የወጣውም እሳት ከእንጨት በተሠሩት ፉርጎዎች ላይ ተያያዘ። ሰዎቹ ለደኅንነታቸው በተቈለፈባቸው በር ውስጥ ተቃጠሉ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል ዱሞን ዱርቪል የሚባለው ዝነኛ የባሕር አሳሽ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይገኝ ነበር። ባሕሩን ሁሉ ዞሮ በደኅና የተመለሰ ሰው በተቈለፈ የባቡር በር ምክንያት መሞቱ ለዘመኑ ሰው ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፈረንሣዮች መንገደኛን ቈልፎ መውሰድን ተዉት።

ቁልፉ ሲቀር ግን ሌላው ችግር መጣ። በሩን ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ የሚከፍተው ከሆነ፣ ባቡሩ ሳይቆም የሚወርድ፣ ተነሥቶ ሳለ የሚሳፈር፣ በደንብ ባልተዘጋ በር ተደግፎ የሚወድቅም አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር መንገደኛው ራሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ወደ ውጭ ሰድዶ የሚከፍተው በር እጅግ ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ እንዲህ ያሉት ባቡሮች ከዋና ዋናዎቹ መሥመሮች በብዛት የወጡት እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ነው። በእኛም አገር፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው በጅቡቲው የምድር ባቡር ላይ፣ የአሮጌዎቹ ፉርጎዎች በር በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ነበር። 784 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚያ መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ደኅንነቱ የተመሠረተው በገዛ ራሱ ጥንቃቄ ላይ ነበር።

የዛሬው ባቡር በር እንዴት ያለ ነው? የአዲስ አበባው የከተማ ባቡር አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አንዱ መሥመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ሲሠራ፣ ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ይዘው ተሠርተዋል። በእንዲህ ያሉ ባቡሮች ላይ በሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ፈቃድ ሰጪውም ነጂው ነው። መሐንዲሶችም በዚህ በር ላይ አንዱ ቢስት ሌላው እንዲይዘው ብለው ብዙ ጠባቂዎችን አኑረዋል።

የመጀመሪያው ጠባቂ ደወሉና መብራቱ ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል ይጮኻል፤ ይህ ድምፅ «ሮጠህ ግባ» ማለት ሳይሆን «ባለህበት ቁም» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በሩ ሲዘጋ አንድ ነገር ቢያጋጥመው የሚያውቅበት ዘዴ ነው። የሳንቃው ጠርዝ ለስላሳ ጐማ አለው፤ ሞተሩም ከተለመደው በላይ የሚከብድ ነገር ሲገጥመው መግፋቱን ትቶ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ባቡሩ በሚሄድበት ጊዜ በሩ የመከፈት ትእዛዝ ቢደርሰው እንኳ እንዳይቀበል የሚያደርገው ማገጃ ነው። አራተኛው፣ ነጂው መሳፈሪያው ባለበት ወገን ያለውን በር ብቻ እንዲከፍት የሚያደርገው የወገን መምረጫ ነው፤ አለዚያ መንገደኛው በሌላው ሐዲድ ላይ ይወርድ ነበርና። አምስተኛው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም በብረት መቀርቀሪያ ተይዞ የሚቆይበት ብልሃት ነው።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚደነቀው ግን በሮቹን ሁሉ ከሞተሩ ጋር የሚያስተሳስረው ሽቦ ነው። ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት የሚያስፈልገው አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፑልና ጥቂት ሽቦ ብቻ ነው። አራት ተማሪዎች በሰልፍ ቆመው እያንዳንዳቸው የሽቦውን ሁለት ጫፍ ያገናኛሉ፤ እነሱ በሮቹ ናቸው፤ አምፑሉ ሞተሩ ነው። አራቱም ሲያገናኙ አምፑሉ ይበራል። አንዱ እጁን ሲለቅ ይጠፋል። የሌሎቹ የሦስቱ ትጋት ምንም አይረዳም። በባቡሩም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አንድ በር በሚገባ ካልተዘጋና ካልተቀረቀረ ክበቡ ይቋረጣል፤ ነጂው ቢፈልግም ባቡሩ እንዲነሣ ኃይል አያገኝም።

ይህን በክፍል ውስጥ ባሳየሁበት ጊዜ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፣ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ሽቦው ራሱ ቢበጠስስ?» ሲል ጠየቀኝ። እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ባቡሩ አይነሣም። መንገደኛው ይዘገያል፣ ነጂው ይቸገራል፣ ባለሙያ ይጠራል፤ ግን ማንም አይሞትም። መሐንዲሱ ያሰበውም ይህንኑ ነው። ሰው የሠራው ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በሚበላሽበት ጊዜ ወደ ደኅናው ወገን እንዲያጋድል አድርጎ መሥራት ይገባል። የአንድን መሣሪያ ብልህነት ለመመዘን ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር እንረዳለን። የዘገየ ወዳጁን ለመጠበቅ ብሎ እግሩን በበሩ መካከል የሚጋርጥ ሰው በዓይኑ የሚያየው አንድ በር ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች እግር ምክንያት ባቡሩ በሙሉ ይቆማል፤ ከኋላው የሚመጣውም ይቆማል። ሁለቱ የአዲስ አበባ መሥመሮች ደግሞ ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፣ በዚያ ክፍል ላይ የሚፈጠር መዘግየት ወደ ቃሊቲ የሚሄደውንም ወደ አያት የሚሄደውንም ይነካል። አንድ ሰው ለአንድ ወዳጁ ያደረገው ደግነት ለብዙ መቶ ሰዎች በደል ይሆናል።

ጠባቂዎቹ ብዙ ናቸውና እንግዲህ መንገደኛው እንዳሻው ይሁን ማለት ግን አይገባም። ለምሳሌ የበሩ ጠርዝ ክንድን ወይም ሻንጣን ያውቃል፤ የነጠላን ዘርፍ፣ የበርኖስን ጫፍ፣ የቦርሳን ቀጭን ማንገቻ ግን ላያውቅ ይችላል። ቀጭን ነገር በሁለቱ ጐማዎች መካከል ሲያዝ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ክበቡም ይገናኛል፤ ባቡሩም ይነሣል። የእኛ ልብስ ሰፊና ዘርፋም መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ጋቢም ሆነ በርኖስ የለበሰ ሰው ወደ በሩ ሲቀርብ ልብሱን ሰብስቦ ይያዝ። የሕፃን ጣትም እንዲሁ ነውና ልጅ ያለው ሰው እጁን ይያዘው።

ከሚሄድ ባቡር ላይ ስለ መውረድም አንድ ስሌት እናድርግ። በመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ የለመደ ወጣት «በቀስታ ሲሄድ ዘልዬ እወርዳለሁ» ይላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ለሰው ዓይን ቀስ ያለ ነው፤ ከእርሱ ላይ የወረደ ሰው ግን የሚያገኘው ፍጥነት ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ ሰው ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። ባቡሩ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ሦስት ሜትር እንዳይመስላችሁ፤ ከስድስት ሜትር ይበልጣል። ፍጥነት ዕጥፍ ሲሆን የመምታት ኃይሉ አራት ዕጥፍ ይሆናልና። የመንዝ ልጅ ከስድስት ሜትር ገደል ዝለል ቢሉት ዕብድ ነህ ወይ ይላል፤ ገደሉን በዓይኑ ስለሚያየው ነው። የፍጥነት ገደል ግን በዓይን አይታይም።

ነጂውስ አይቶ አያቆመውም ወይ ቢባል፣ ይህንም በቁጥር እንመልከት። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በየሴኮንዱ 19 ሜትር ከግማሽ ያህል ይጓዛል። ፍሬኑ በየሴኮንዱ ከዚህ ላይ አንድ አንድ ሜትር ቢቀንስለት፣ ለመቆም 19 ሴኮንድ ያህል ጊዜና ወደ 190 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ያስፈልገዋል። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ እንደ ጐማ አይነክስምና። ፍሬን እስኪይዝ ድረስ የሚያድነው የተዘጋው በር ነው።

እስካሁን ስለ መዝጋት ተናገርሁ። አሁን ወደ መክፈት ልመለስ፤ የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው።

በሚያዝያ 16 ቀን 1943 ዓ.ም. በጃፓን አገር በዮኮሐማ ከተማ፣ ሳኩራጊቾ በሚባል ጣቢያ አጠገብ፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከባቡሩ ጣሪያ ጋር ተጠላልፎ እሳት አስነሣ። በሮቹ ተዘግተው ቀሩ። መስኮቶቹ የተከፋፈሉና ጠባብ ስለ ነበሩ ሰው አያስወጡም ነበር። ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚያሻግረው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለ ነበረ፣ የሕዝቡ ግፊት እንዳይከፈት አደረገው። 106 ሰዎች ሞቱ። የሚያሳዝነው ግን በሩን በእጅ ለመክፈት የሚያስችል መዘውር በባቡሩ ላይ ነበረ፤ የት እንዳለ የሚነግር ጽሑፍ ግን ለመንገደኛው አልተለጠፈም ነበር። ሰዎቹ የሞቱት መዳኛው አጠገባቸው ሳለ ነው።

ከዚህ በኋላ ጃፓኖች መስኮቱን አሻሻሉ፣ የመሻገሪያውን በር ለወጡ፣ መክፈቻውም የት እንዳለ በግልጽ ጻፉ። ሕዝቡም አወቀ። እንግዲህ ችግሩ አለቀ ያሰኛል። ነገር ግን 11 ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 25 ቀን 1954 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ ሚካዋሺማ በሚባል ጣቢያ አጠገብ አንድ የዕቃ ባቡር ቀይ መብራት አልፎ ከሐዲድ ወጣ፤ የመንገደኛ ባቡርም ከእርሱ ጋር ተጋጨ። መንገደኞቹ የተማሩትን አስታውሰው በሮቹን በእጃቸው ከፈቱና ወደ ሐዲዱ ወረዱ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሌላው ሐዲድ ላይ ሌላ የመንገደኛ ባቡር መጣ፤ የሚመጣውን ባቡር አስቀድሞ ያስቆመው ሰው አልነበረም። በጠቅላላው 160 ሰዎች ሞቱ።

አንባቢዬ፣ እነዚህን ሁለት ቀኖች አስተያይተህ ተመልከት። በፊተኛው በሩ ባለመከፈቱ ሰዎች ሞቱ፤ በኋለኛው በሩ በመከፈቱ ሰዎች ሞቱ። ታዲያ መክፈቻው ይኑር ወይስ አይኑር? አንዳንዶች ባለጌ እየነካ ባቡር ያስቆማልና ከሕዝብ እጅ ይራቅ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በየበሩ ይኑር፣ ሌላው የእግዜር ሥራ ነው ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። መክፈቻው መኖር አለበት፤ ነገር ግን የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚነካና ከነኩት በኋላ በየት ወገን እንደሚወረድ አብሮ መማር አለበት። የባቡር ሠራተኞችም በበኩላቸው ሰው ሐዲድ ላይ ከመውረዱ በፊት በአጠገቡ የሚያልፈውን ባቡር ሁሉ ማስቆም አለባቸው። ግማሽ ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ ካለማወቅ ይከፋል።

ይህ የድሮ ነገር ነው እንዳይባልም፣ በየካቲት 11 ቀን 1995 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ በዴጉ ከተማ፣ በምድር ውስጥ በሚሄድ ባቡር ላይ አንድ ሰው ሆን ብሎ እሳት ለኰሰ። በዚያው ጊዜ ከወዲያ ማዶ የመጣ ሁለተኛ ባቡር በዚያው ጣቢያ ቆመ፤ እሳቱም ወደ እርሱ ተዛመተ። የሁለተኛው ባቡር ነጂ መንገደኞቹን ጥቂት እንዲቆዩ ነገራቸው፤ በመጨረሻ ግን የባቡሩን ቁልፍ ነቅሎ ወጣ፤ በሮቹም ተዘግተው ቀሩ። ሰዎች በእጃቸው ሊከፍቷቸው የቻሉ ፉርጎዎች ነበሩ፤ በተዘጉት ውስጥ ያሉት ግን ብዙዎቹ አልወጡም። በዚያ ቀን 192 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም እሳቱ በተነሣበት ሳይሆን በሁለተኛው ባቡር ውስጥ የነበሩት ናቸው። መሣሪያው ዘመናዊ፣ ከተማውም የሠለጠነ ነበር። የጐደለው የነጂው ማስተዋልና የመንገደኛው ዕውቀት ነበር።

በሩ የማይችለው ነገር እንዳለም መናገር ይገባል። በጥር 1977 ዓ.ም. በአገራችን፣ በአዋሽ አጠገብ፣ ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር በጥምዝ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለዚያ የትኛውም በር መልስ አይሆንም ነበር። በር የሐዲድን፣ የፍሬንንና የነጂን ጥፋት አይሸፍንም። ስለዚህ የመንገደኛው ጥንቃቄ የባለሥልጣኑን ግዴታ አያስቀርም፤ የባለሥልጣኑም ግዴታ የመንገደኛውን ጥንቃቄ አያስቀርም።

እንግዲህ ከደጋ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር የሚሳፈር ሰው ምን ይወቅ? ብዙ አይደለም። ባቡሩ ሲደርስ ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጐኑ ይቁም፤ የሚወርደው ይውረድ፣ የሚሳፈረውም ከዚያ በኋላ ይግባ። በመሳፈሪያውና በፉርጎው መካከል ክፍተት አለና እግሩን ይመልከት። ደወሉ ከጮኸ አይሩጥ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሌላ ባቡር ይመጣል፤ ሌላ እግር ግን አይመጣም። ከገባ በኋላ በበሩ ላይ አይደገፍ፤ በበሩም አፍ ተገትሮ መንገድ አይዝጋ።

ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሳይሳፈር አንድ ነገር አስቀድሞ ይነጋገር። በሩ ተዘግቶ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ቢቀር ምን እናድርግ? ባል በሩን እየደበደበ ሲሮጥ፣ ሚስት ከውስጥ ስትጮኽ፣ ጉዳት የሚደርሰው በዚያች ደቂቃ ነው። መልሱ ቀላል ነው። ውጭ የቀረው ባለበት ጣቢያ ይቁም፤ የሄደው በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ይጠብቅ፤ የቀረውም በሚከተለው ባቡር ይድረስበት። ሕፃን ብቻውን ከገባ ግን ወዲያውኑ ለጣቢያው ሠራተኛ መናገር ይገባል። ይህን ቤት ሳሉ የተነጋገሩ ሰዎች ጣቢያ ላይ አይሸበሩም።

ባቡሩ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቢቆምስ? እሳትና ጢስ ከሌለ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ሙቀቱ ቢሰለች፣ ሰዓቱ ቢረፍድ፣ ጐረቤቱ «ወርደን በእግር እንሂድ» ቢል አይስማው፤ ሚካዋሺማን ያስታውስ። እሳት ወይም ጢስ ከተነሣ ግን ትእዛዝ እጠብቃለሁ ብሎ አይቀመጥ፤ ዴጉን ያስታውስ። በመጀመሪያ ከሚነደው ፉርጎ ወደ ሌላው ይሽሽ፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ የአደጋውን መክፈቻ ይሳብ፤ የሚመጣ ባቡር እንዳለ አይቶ ሌላ ሐዲድ በሌለበት ወገን ይውረድ። ወድቆ የሚታይ ሽቦ ካለ ከቶ አይቅረብ፤ በከተማው ባቡር ሽቦ ውስጥ 750 ቮልት፣ በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የጅቡቲ መሥመር ደግሞ 25,000 ቮልት የሚያልፍ ኃይል አለና። በተሳፈረም ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው መክፈቻው የት እንዳለ ዓይኑን ዞር አድርጎ መፈለግ ይሁን። ይህ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳወራ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ፣ ራሱ የሚከፈት ከሆነ እኔ ምን አገባኝ?» አሉኝ። «አባቴ፣» አልኋቸው፣ «በሩ የሚያውቀው ዘጋሁ ወይም አልዘጋሁም የሚለውን ብቻ ነው። በእጅዎ የያዙት የልጅ ልጅ መሆኑን፣ ጢሱ ከየት እንደሚመጣ፣ በማዶ ባቡር መምጣቱንና አለመምጣቱን አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።» ሽማግሌውም ጥቂት አስበው «እንግዲያማ ለልጁም ንገረው» አሉኝ።

ቃላቸው ትክክል ነው። በየዓመቱ ከየትምህርት ቤታችን ብዙ ልጆች ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ስንቃቸውን እናሰናዳለን፣ ልብሳቸውን እናጥባለን፣ የዘመዳቸውን ስልክ ጽፈን በኪሳቸው እንከታለን። በዚህ ላይ አንድ አሥር ደቂቃ ጨምረን ስለ ባቡሩ በር ብንነግራቸው ሸክማቸውን አያከብደውም። መምህራንም ባትሪውን፣ አምፑሉንና ሽቦውን ይዘው በክፍል ውስጥ ያሳዩአቸው። ከከተማ የተመለሰ ወንድም ወይም እኅትም ያየውን ላላየው ይንገር። መሐንዲሱ በሩን በሽቦና በብረት ጠብቆታል፤ የቀረው ጥበቃ በመንገደኛው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባ ነውና፣ እሱን ማስገባት የወላጅና የመምህር ሥራ ነው።